ትልቁ ዓሣና የውሃ ሥራ
የምዕራብ ጎጃም ወንዞችና የጣና ሐይቅ ታሪክ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ በኩል ሲያልፍ ብዙ ድልድዮችን ይሻገራል። ተምጫ፣ ላህ፣ ብር፣ ፈጣም የሚባሉት ወንዞች ውሃቸውን የሚሰዱት ወደ ደቡብ ነው፤ መጨረሻቸውም የዓባይ በረሃ ነው። ከዚያው ከደጋው፣ ከሰከላ በኩል የሚነሣው ግልገል ዓባይ ግን ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ጣና ሐይቅ ይገባል። ስለሆነም በምዕራብ ጎጃም ምድር አንድ የዝናብ ጠብታ ከጋራው ወዲህ ወይም ወዲያ በመውደቁ ብቻ ዕጣው ይለያያል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የሄዱት የወንዙን መነሻ ለማየት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከእነርሱም ወዲህ ስለ ዓባይ ሲጻፍ የሚቀድመው የውሃው መጠንና ጉዞ ነው። በውሃው ውስጥ የሚኖረው ዓሣ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ፣ ያውም በጥቂት መሥመር ነው።

ይሁን እንጂ የውሃው ክፍፍል የዓሣውም ክፍፍል ነው። ጣና ሐይቅ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ 40 ሜትር ከሚሆን ገደል ላይ ጢስ ዓባይ ተብሎ ይወድቃል። ከዚያ በታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣ አይችልም። ከዚህም የተነሣ የጣና ዓሣ ከታችኛው የዓባይ ውሃ ዓሣ ተለይቶ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ኖሯል። ወደ ግልገል ዓባይ የሚወጣው ዓሣ የዚህ የተዘጋ ቤት ልጅ ነው፤ በብርና በፈጣም የሚገኘው ግን ከታች ካለው ከሰፊው የዓባይ ውሃ ጋር የተገናኘ ነው።

ዓሣ አጥማጅ በየትኛውም አገር የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ትልቁ ዓሣ ወዴት ሄደ?» የሚል ነው። መልሱ ግን ከውሃ ውሃ ይለያያል። በአንዱ ውሃ ትልቅ ዓሣ የጠፋው ብዙ ስለተጠመደ ነው፤ በሌላው ውሃ የጠፋው ትንንሹ ሳይጠመድ ስለቀረ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአካባቢው ሁለቱም ዓይነት ውሃ አለ።

የቀድሞው አጠማመድ

በጣና ዳርቻ ዓሣ የማጥመድን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፍ የኖረው በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ከደንገል በሚሠራ ታንኳ፣ በመንጠቆ፣ በጦርና በወጥመድ ይጠመድ ነበር። ታንኳው ውሃ እየጠጣ የሚከብድ፣ በጥቂት ጊዜም የሚበሰብስ ስለሆነ ከዳርቻ ርቆ መሄድን አይፈቅድም። በመሆኑም ሰፊው የሐይቁ መካከል ሕግ ሳያስፈልገው የዓሣው መጠለያ ሆኖ ኖረ። በጥንቱ ዘመን ዓሣውን የጠበቀው የአጥማጁ ቁጥብነት ብቻ አልነበረም፤ የመሣሪያው ደካማነትም ጭምር ነው።

ከሐይቁ ራቅ ባለው የገጠር ወንዝ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ረጋ ባለበት ቦታ ይበተናል፤ በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባለው መርዝ ስላለ ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ይንሳፈፋል። መንጠቆ ዓሣውን አንድ በአንድ ያወጣል፤ መረብም ትንሹን በዐይኑ ያሳልፋል። ብርብራ ግን ትልቅና ትንሽ፣ እንቁላል የያዘችና ገና ያልደረሰች ብሎ አይለይም። ውሃው በሚያንስበት ወራት በአንድ ኩሬ ላይ የሚፈጸም የአንድ ቀን ሥራ የዚያን ኩሬ የብዙ ዓመት ትውልድ ያጠፋል።

በደጋው ሕዝብ ዘንድ ዓሣ የዘወትር ምግብ አልነበረም። ገበሬው የሚተማመነው በእህሉና በከብቱ ነው። ይሁን እንጂ በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ገበያ መድመቁ በአገሪቱ ከተሞች የታወቀ ነው። መንገድ ሲሠራና ከተሞች ሲሰፉ፣ ይህ በየዓመቱ እየመጣ የሚሄድ ፈላጊነት በሐይቁ ላይ ትልቅ ጫና የሚያሳድር ኃይል ሆነ።

አንድ ዓሣ ወይስ ብዙ?

የጀርመን ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ የጣናን ዓሦች ለሳይንስ ያስተዋወቀ ጽሑፍ አሳተመ። አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሉትን፣ በሳይንስ አጠራር ዛሬ ላቤዮባርበስ የሚባለውን ወገን በልዩ ልዩ ስሞች ከፋፍሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ክፍፍሉን ተጠራጠሩ፤ በ1973 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናትም የጣናን ትላልቅ ነጭ ዓሦች በጠቅላላው መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዓሣ ናቸው ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ የመረብ ልክ ለሁሉም ይበቃል፤ አንዱ ቢቀንስ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ይታሰባል። በ1990ዎቹ በሆላንድ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ አጥማጆቹ ራሳቸው ዓሦቹን የሚለዩበትን ዕውቀት በመከተልና የአፍ፣ የራስና የአካል መጠናቸውን በመለካት በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል የተለያዩ ዓይነቶች መኖራቸውን አረጋገጡ። ከእነዚህም 8ቱ ሌሎችን ዓሦች እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ነጭ ዓሣ የሚመደብበት ሰፊ ወገን በአብዛኛው ጥርስ የሌለው አፍ ያለውና በሌላው ዓለም አዳኝነት ያልተለመደበት ስለሆነ፣ ነገሩ የሳይንስ ሰዎችን እጅግ አስገርሟል። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅም እንዲህ ያለ የዘመዳማቾች ስብስብ ነበረ፤ ዛሬ ግን አብዛኛዎቹ ጠፍተዋል። ስለዚህ ጣና የቀረው ታላቅ ምስክር ነው።

ለአጥማጁም ቢሆን ትምህርቱ ግልጽ ነው። በሐይቁ ውስጥ ትልቅ የሚሆኑት በብዛት አዳኞቹ ናቸው። አዳኝ ዓሣ ግን ከሚበላው ዓሣ ያነሰ ቁጥር ያለው ነው፤ ለመድረስም ጊዜ ይፈልጋል። በመሆኑም ማጥመድ ሲበረታ ቶሎ የሚጎዳው እርሱ ነው።

የሞተር ጀልባው ዘመን

በ1986 የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሚባለው ሥራ ተጀመረ። ኡርክ ከምትባለው የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ርዳታ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ለአጥማጆች ቀረበ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ድሃው አጥማጅ ኑሮው እንዲሻሻልና የከተማው ሕዝብ ርካሽ ፕሮቲን እንዲያገኝ ነው። ፍሬውም ቶሎ ታየ። የዓመቱ ምርት በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ከፍ አለ።

አዲሱ መረብ በራሱ ክፉ መሣሪያ አልነበረም። ዐይኑ ተወጥሮ ሲለካ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንንሹን ዓሣ ያሳልፋል። ችግሩ የመጣው ከቦታውና ከጊዜው ነው። ከነጭ ዓሦቹ መካከል ከፊሎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በሌሎችም ገባሮች በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ። ከመውጣታቸውም በፊት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በሰፊው ሐይቅ ላይ ተበትኖ የሚኖረው የብዙ ዓመት ሀብት በጥቂት ሳምንታት በጥቂት መቶ ሜትር ስፋት ውስጥ ተጨናንቆ ይገኛል ማለት ነው። በዚህ በር ላይ የተዘረጋ መረብ፣ ዐይኑ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ለመውለድ የደረሰውን ሁሉ ይለቅማል። ትንሹን ማሳለፉ ጥቅም የሚሰጠው ትልቁ ወልዶ ከተመለሰ ብቻ ነው።

ውጤቱ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ታየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 የተደረጉት መለኪያዎች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው መጠን 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጫጩቶቹ መቀነስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሁሉንም ይገልጸዋል። የቀነሰው የተያዘው ትልቅ ዓሣ ብቻ ቢሆን ኖሮ መረቡ የማይነካው ጫጩት ባልጎደለ ነበር። ጫጩቱ የጎደለው ወላጁ ወደ ጠጠሩ ሳይደርስ ስለቀረ ነው። ከዚያ ወዲህም ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ በቀላሉ የማይታይና ዐይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ተጨምሮ ችግሩን አባብሶታል። እምቦጭ የተባለው አረምም ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ዳር ሲስፋፋ የዓሣውን መራቢያና የአጥማጁን መንገድ ዘግቷል።

ትልቅ ዓሣ ማትረፍ የሚጠቅመው ለአጥማጁ ደስታ ብቻ አይደለም። የዓሣ ቁመት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የምትሸከመውም እንቁላል ከክብደቷ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ 60 ሴንቲ ሜትር የምትሆን አንዲት ዓሣ በወንዝ አፍ ላይ ስትያዝ የጠፋችው አንዲት ዓሣ አይደለችም፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ የብዙ ዓሦች ዘር ነው።

ከሌላው ዓለም የተገኘ ትምህርት

ትልቅ ዓሣ እንዲገኝ ውሃን ማስተዳደር የሚለው ሐሳብ በሰፊው የተጠናው በአሜሪካ ነው። በአላባማ ግዛት በኦበርን ሆመር ስዊንግል የተባለው ሊቅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በገበሬ ኩሬዎች ላይ ባስ የሚባለውን አዳኝ ዓሣና ብሉጊል የሚባለውን ትንሽ ዓሣ አብሮ በማርባት ለብዙ ዓመታት ሞከረ። የደረሰበት ቁም ነገር ሚዛን የሚባለው ነው። ባሱ ካነሰ ብሉጊሉ እጅግ ይበዛል፤ ምግብ ያጥረዋል፤ ሁሉም እንደ ቀጨጨ ይቀራል። ባሱ ያለ ልክ ሲበዛ ደግሞ የሚያድነው ያልቅና ራሱ ባሱ ከስቶና አንሶ ይቀራል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ትንንሹን ባስ እያጠመዱ ማውጣት፣ መካከለኛውን ግን እስኪያድግ ድረስ መልሶ መልቀቅ ነው። ነገሩ ላላወቀው ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ትልቅ ዓሣ ለማግኘት ዓሣ መቀነስ ያስፈልጋል ማለት ነውና።

ምክንያቱ ለመሐንዲስ የሚከብድ አይደለም። አንድ ኩሬ የሚሸከመው የዓሣ ክብደት በምግቡ ልክ የተወሰነ ነው። 100 ኪሎ ግራም የሚሸከም ኩሬ 100 ግራም የሚመዝን 1,000 ዓሣ ወይም ግማሽ ኪሎ የሚመዝን 200 ዓሣ ሊያኖር ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው በአብዛኛው የሰው አያያዝ ነው።

ይኸው ባስ ለመዝናኛ አጥማጆች ሲባል በ1929 ወደ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ገብቷል። ወደ ኢትዮጵያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች ተለቆ ነበር። በጣና ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢነሣ ሊወገዝ የሚገባው ነው። አዳኝ ዓሣ ከሩቅ ማምጣት የሚያስፈልገው አዳኝ ለጎደለው ውሃ ነው፤ ጣና ግን ሌላ ምድር ያልታደለው 8 ዓይነት አዳኝ አለው። የጎደለው ዓሣው አይደለም፤ መንገዱ ነው።

የግድብ ውሃና ቀረሶ

ሁለተኛው ዓይነት ውሃ በግድብና በቁፋሮ የተገኘው ነው። ከፍኖተ ሰላም አጠገብ በጃቢ ጠህናን ወረዳ ያለው የገራይ ውሃ ለመስኖ የሚያገለግል ሲሆን ቀረሶ ይጠመድበታል። በመርዓዊ አጠገብ የቆጋ ወንዝ በ2000ዎቹ ዓመታት በተሠራ የአፈር ግድብ ታግዶ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያጠራቅማል፤ 7,000 ሄክታር ያህል መሬትም ለማጠጣት ታስቧል።

ቀረሶ በጠባብ ውሃ ውስጥ የብሉጊልን ጠባይ ያሳያል። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቷን በአፏ ስለምትጠብቅ ከልጆቿ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ውሃው ሲጨናነቅ ደግሞ ገና በትንሽነቷ መውለድ ትጀምራለች። እንዲህ ያለው ኩሬ በጥቂት ዓመት ውስጥ የእጅ መዳፍ በማይሞሉ ዓሦች ይሞላል። ባለ ኩሬው ገበሬ «ዘሩ ከፋ» ብሎ ሌላ ጫጩት ሲያመጣ ችግሩን ይጨምራል እንጂ አይፈታውም። መፍትሔው ትንንሹን ቀረሶ አዘውትሮ ማውጣት፣ ወይም ትንሹን የሚበላለትን አምባዛ በልኩ አብሮ ማኖር ነው። አምባዛ የአገሩ ተወላጅ ስለሆነ ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ እንግዳ ዓሣ አያሠጋም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለመስኖ ተብሎ ውሃ በሚጠራቀምበት ሁሉ ይህ ዕውቀት ከግድቡ ሥዕል ጋር አብሮ ለገበሬው ሊደርሰው ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ውሃዎች ተቃራኒ ሕግ እንዳላቸው ይታያል። በኩሬው ትንሹን ያዝ፣ አዳኙን አቆይ ይባላል፤ በጣናና በገባሮቹ ግን ወላጁን አሳልፍ፣ ጫጩቱንም ተው ይባላል። የአንዱን ሕግ ለሌላው የሰጠ ሁለቱንም ያጠፋል።

ሕጉና መሐንዲሱ

የፌዴራል መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ ደንግጓል። ሕግ ግን በሌሊት በወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋን መረብ በራሱ አያነሣም። በክረምት ማጥመድ ሲከለከል ለአጥማጁ ቤተሰብ የሚበላው ነገር ከየት እንደሚመጣ ካልታሰበ ክልከላው በድሃው ላይ ብቻ ይወድቃል። ደንገሉ በእርሻና በግጦሽ ለተመናመነበት፣ መሬትም ለሌለው አጥማጅ ሦስት ወር ረጅም ጊዜ ነው። ስለዚህ ክልከላው በመላው ሐይቅ ላይ ሳይሆን በወንዞቹ አፍና በመውጫው ወቅት ላይ ቢጠብቅ፣ ቀረሶና አምባዛ በሐይቁ ላይ መጠመዳቸው እንዲቀጥል ቢደረግ፣ ሕጉ የሚፈጸምበት ዕድል ይሰፋል።

የቀረው ድርሻ የውሃ መሐንዲሱ ነው። በጣና መውጫ በ1990ዎቹ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ በሰው እጅ አድርጎታል። የ2003ቱ ድርቅና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁን እጅግ ባወረዱት ጊዜ የዳርቻው ረግረግ ደርቆ፣ መርከብ መሄድ አቅቶት እንደነበር ይታወሳል። ከ2010 ጀምሮም የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ይወርዳል። በገባሮቹ ላይ ደግሞ ከቆጋ ሌላ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የርብ ግድብ ተሠርቷል።

ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውሃ በሚሮጥበት፣ ጠጠር ባለበት የወንዝ ወለል ላይ ነው። ግድብ መንገዱን ይዘጋል፤ ጠጠርና አሸዋ ለግንባታ ሲወሰድ አልጋው ይጠፋል፤ ከተራቆተ እርሻ የሚወርደው ደለል ደግሞ የቀረውን ይሸፍነዋል። ይህን ሁሉ ለማስቀረት መስኖ ይቅር ማለት ግን በምዕራብ ጎጃም ገበሬ ላይ መፍረድ ነው፤ በበጋ የሚያጠጣው ማሳ የልጆቹ እንጀራ ነውና።

ሆኖም በዓሣው ፍላጎትና በገበሬው ፍላጎት መካከል የሚታየው ጠብ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ዓሣው የሚወጣው በክረምት ነው፤ ገበሬው የወንዝ ውሃ የሚሻው በበጋ ነው። ውሃ ለመጥለፍ ብቻ በሚሠራ ዝቅተኛ ግድብ ላይ በክረምት ውሃው ከአናቱ ላይ ተትረፍርፎ ያልፋል፤ ለገበሬውም በዚያ ወቅት አያስፈልገውም። እንዲህ ባለው ግድብ ጎን በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ፣ በትንንሽ ደረጃ የሚወጣ የዓሣ መሰላል ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ የገበሬውንም ድርሻ አይቀንስም። የሚያስፈልገው ሥዕሉ በሚነደፍበት ጊዜ መታሰቡ ብቻ ነው፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ መጨመሩ ግን ወጪውን እጥፍ ድርብ ያደርገዋል።

በከፍተኛው ግድብ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የግድቡ ሐይቅ የሚሞላው በዚያው በክረምት ስለሆነ ዓሣውና ማጠራቀሚያው አንዱን ውሃ በአንድ ወቅት ይሻሙበታል፤ 20 እና 70 ሜትር መውጣትም ለነጭ ዓሣ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ግድብ የተሠራበት ገባር ለሰው ከተሰጠ፣ ያልተገደበው ገባር ከነጠጠሩና ከነወንዝ አፉ ለዓሣው መተው አለበት። አንድ ገባር ብቻውን ተነጥሎ ሲጠና የእያንዳንዱ ግድብ ጉዳት ትንሽ መስሎ ይታያል። ሁሉም ገባሮች በአንድ ካርታ ላይ ሲቀመጡ ግን ለዓሣው ክፍት ሆኖ የቀረው በር ስንት እንደሆነ መቁጠር ይቻላል። ይህ ቆጠራ ከሚቀጥለው ግድብ ጥናት በፊት መደረግ ያለበት ሲሆን፣ ካርታውን ለመሣል የሚችለውም ግድቡን የሚነድፈው ባለሙያ ራሱ ነው።